የታደሱት የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች፦ ለሰሜን ሸዋ ፎቶ አንሺ የትኛው ይበጃል?

እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ዋና ዋናዎቹ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ተራ በተራ ታድሰዋል። ፎቶሾፕ በጽሑፍ ትእዛዝ አዲስ ምስል ፈጥሮ የሚሞላ መሣሪያ ጨመረ፤ ላይትሩም ክላሲክ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ኖይዝ (ብርሃን ሲያንስ ፎቶውን የሚሞላውን ጥራጥሬ) የሚያጸዳ መሣሪያ ይዞ መጣ፤ ጊምፕ ከ2.10 እትሙ በኋላ ሰባት ዓመት ያህል አስጠብቆ በማርች 2025 የ3.0 እትሙን አወጣ፤ አፊኒቲ ደግሞ በዲዛይን ድርጅቱ በካንቫ ከተገዛ በኋላ በኦክቶበር 2025 መጨረሻ በነጻ የሚሰጥ አንድ ፕሮግራም ሆነ። ዳርክቴብልም እንደ ልማዱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆች ጁን እና በገና ሰሞን፣ መታደሱን አላቋረጠም።

ይህ ጽሑፍ የታሰበው በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ ፎቶ ቤት ከፍቶ በጥር ሠርግ፣ በከተራና በጥምቀት ክብረ በዓል፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ ጉርድ ፎቶ ለሚያነሣ ባለሙያ ነው። አልፎ አልፎ ወደ መንዝ ጓሳ ወጥቶ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚያነሣውም አልተረሳም። እንዲህ ያለው ባለሙያ ፕሮግራም ሲመርጥ ሊመረምራቸው የሚገቡት፣ በማስታወቂያ ብዙ የሚነገርላቸው ምስል ፈጣሪ መሣሪያዎች አይደሉም። ምርጫውን የሚወስኑት ብዙም ድምፅ ያልተሰማባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም ማስክ፣ የኖይዝ ማጽጃ እና የሠሩትን ማስተካከያ መልሶ የመለወጥ ዕድል ናቸው። ከእነዚህ ጋር አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ መሣሪያው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ከብርሃኑ እንነሣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የእኩለ ቀን ፀሐይዋ ኃይለኛ፣ ጥላዋም ጥቁር ነው። ከዚህ ፀሐይ በታች የቆመች ሙሽራ ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ዘመዶቿ ነጠላ አጣፍተው፣ አጃቢዎቿ በጥላ ውስጥ ሆነው ሲነሡ ካሜራው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ፊቱን ካወጣ የነጠላው ጥለት በነጩ ውስጥ ይጠፋል፣ ጥለቱን ካተረፈ ፊቱ ይጨልማል። ይህን ችግር ማንኛውም ፕሮግራም ብቻውን አይፈታውም፤ መጀመሪያ ፎቶው በሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው የቀዳውን ብርሃን ሳያስተካክል እንዳለ በሚያስቀምጥበት ጥሬ ፋይል፣ መነሣት አለበት። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ሲይዝ፣ 12 ቢት የሆነ ሮው 4,096፣ 14 ቢት የሆነው ደግሞ 16,384 ደረጃ ይይዛል፤ የነጠላው ክር መልሶ የሚገኘው ከዚህ ትርፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ በጄፔግ ብቻ የሚያነሣ ሰው ከዚህ በታች ከሚነገሩት መሣሪያዎች ግማሽ ያህሉን እንደማይጠቀምባቸው አስቀድሞ ይወቀው።

ሮው ፋይልን በመክፈት ረገድ ፕሮግራሞቹ አንድ አይደሉም። ላይትሩምና ዳርክቴብል በመሠረቱ ለዚህ ሥራ የተሠሩ ናቸው፤ ፎቶሾፕ ካሜራ ሮው በተባለው ክፍሉ፣ አፊኒቲም በራሱ የሮው ክፍል ያስተናግዱታል። ጊምፕ ግን በሦስተኛው እትሙም ቢሆን ሮውን ራሱ አያነብም፤ ፋይሉ ሲሰጠው በኮምፒውተሩ ላይ ዳርክቴብል ወይም ሮውቴራፒ ካለ ለእነሱ ያስተላልፈዋል። ጊምፕን የሚመርጥ ሰው እንግዲህ ሁለት ፕሮግራም እንደሚጭን አስቦ ይምረጥ፤ ሁለቱም ነጻ ስለሆኑ ከጊዜው በቀር የሚያወጣው ወጪ የለም።

ማስክ ማለት ማስተካከያው በፎቶው አንድ ክፍል ላይ ብቻ እንዲያርፍ የሚደረግበት ዘዴ ነው። ላይትሩም ክላሲክ በኦክቶበር 2021 ይህን ክፍሉን እንደ አዲስ ሠርቶ ሰውየውን ወይም ሰማዩን በአንድ ጠቅታ የሚለይ አደረገው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ በፎቶው ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ለይቶ የፊትን ቆዳ፣ የዓይንን ነጭ፣ ጥርስንና ጸጉርን ለየብቻ መምረጥ ጀመረ፤ በኤፕሪል 2023 ልብስ ተጨመረበት። ከላይ የተጠቀሰውን የሠርግ ፎቶ ለሚያስተካክል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልብሱን መርጦ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ የፊትን ቆዳ መርጦ በልኩ ከፍ ያደርጋል፣ ሁለቱም እርስ በርስ አይነካኩም። ከዚህም የሚበልጠው ጥቅም ማስተካከያው ወደ ሌሎች ፎቶዎች ሲገለበጥ ማስኩ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ እንደ አዲስ መሰላቱ ነው። ሙሽራዋ በአንዱ ፎቶ በግራ፣ በሌላው በቀኝ ብትቆም ፕሮግራሙ ፈልጎ ያገኛታል። አንድ ሠርግ ከጥሎሽ እስከ መልስ በመቶዎች የሚቆጠር ፎቶ ይዞ ስለሚመጣ፣ ለሠርግ ፎቶ አንሺ የላይትሩም ዋጋ በአብዛኛው የሚመለሰው ከዚህ ነው ብል አላጋነንሁም።

ዳርክቴብል ለተመሳሳዩ ሥራ የሚከተለው መንገድ ሌላ ነው። በእጅ ከሚሣለው ማስክ በተጨማሪ በብርሃን መጠን፣ በቀለም ዓይነትና በቀለም ድምቀት የሚመርጥ ማስክ አለው። «ብርሃኑ ከዚህ በላይ፣ የቀለም ድምቀቱ ከዚህ በታች የሆነውን ምረጥ» ብሎ የሚያዝዘው ሰው በቀላሉ ነጠላውን ያገኛል፤ ነጠላ ብሩህ ነው፣ ቀለምም የለውም። ትእዛዙ ወደ ሌሎች ፎቶዎች ሲገለበጥም በዚያው ደንብ ነጠላ ነጠላውን እየመረጠ ይሄዳል። እርግጥ ነጭ ግድግዳ ወይም ነጭ ደመና ከኋላ ካለ እነሱንም አብሮ ይወስዳቸዋል፤ ያን ጊዜ በእጅ በተሣለ ማስክ መገደብ ያስፈልጋል። የዳርክቴብል የቶን ኢኳላይዘር ሞጁልም (የማስተካከያ ክፍልም) የጨለመን ፊት ከጥላ ለማውጣት ከማውቃቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ጥላውን ሲያነሣ የፊቱን ቅርጽ አያደበዝዝም። ነገር ግን ዳርክቴብል ለአዲስ ተማሪ ገር ፕሮግራም አይደለም። ሞጁሎቹ ብዙ ናቸው፣ ስሞቻቸውም ከፎቶ ቤት ቋንቋ ይልቅ ለምሕንድስና ቋንቋ የቀረቡ ናቸው፤ በሥራ ወቅት መማር የሚጀምር ሰው ደንበኛውን ያስቀይማል።

እዚህ ላይ ስለ ፊት ቆዳ አንድ ነገር ልበል። በአንድ ጠቅታ ፊት የሚመርጥ መሣሪያ መኖሩ ፊትን ሁሉ ለማንጣት ፈቃድ የሰጠ የሚመስላቸው አሉ። የፊቱ ብርሃን ከአንገቱና ከእጁ ጋር ካልተስማማ ሙሽራዋ ጭንብል ያጠለቀች ትመስላለች፤ አልበሙም ከዓመታት በኋላ የሚታይ ነው። ላይትሩም ጠየም ላለ ቆዳ የተዘጋጁ ዝግጁ ማስተካከያዎችን በመጨመሩ መነሻ ማግኘት ቀሏል፤ ይሁን እንጂ የእነሱም ልክ በእያንዳንዱ ሰው ላይ መታየት አለበት።

የኖይዝ ነገር የሚመጣው ብርሃን ሲያንስ ነው። የዋዜማ ማኅሌት በጧፍና በአነስተኛ አምፖል ብርሃን ይቆማል፤ የሠርግ ምሽት በድንኳን ውስጥ በጄኔሬተር መብራት ያልቃል። በሁለቱም ቦታ ካሜራው አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ንቃት) ወደ 6,400 ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ሲያደርግ ፎቶው በጥራጥሬ ይሞላል። ቀድሞ የነበሩት ማጽጃዎች ጥራጥሬውን ሲያጠፉ የሻሹን ክርና የጢሙን ጸጉር አብረው ያጠፉት ነበር። ላይትሩምና ካሜራ ሮው በኤፕሪል 2023 ያመጡት ዲኖይዝ ግን ጥራጥሬን ከዝርዝር ነገር ለመለየት በብዙ ፎቶ የሠለጠነ ስለሆነ፣ ውጤቱ ከቀድሞው ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ነው። ሥራው የሚከናወነው በራስ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ዲኖይዝ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ አንድ ፎቶ ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፣ መብራትም በመሐል ሊሄድ ይችላል። በመጀመሪያ ሲወጣ ለእያንዳንዱ ፎቶ ትልቅ አዲስ ፋይል ይፈጥር ስለነበር የሃርድ ዲስክ ቦታን ይበላ ነበር፤ በጁን 2025 በወጣው እትም ግን አዲስ ፋይል መፍጠሩ ቀርቶ እንደ ማንኛውም ስላይደር (ተንሸራታች መቆጣጠሪያ) ተመልሶ የሚስተካከል ሆኗል። በእኔ አስተያየት ለዝቅተኛ ብርሃን ፎቶ አንሺ ከሁሉ የሚበልጠው ማሻሻያ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ልብ አላለውም። ዳርክቴብል በበኩሉ ለብዙ የካሜራ ሞዴሎች በየአይኤስኦው አስቀድሞ የተለካ የኖይዝ መረጃ ይዟል፤ ፎቶውን የሚያጸዳውም በዚያ ልክ ነው። ውጤቱ የላይትሩምን ያህል ባይጠራም ደካማ ኮምፒውተር ላይ በሴኮንዶች ያልቃል። አንድን ሠርግ ሙሉ በዲኖይዝ ማሳለፍ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ላይትሩም ያለውም ሰው ቢሆን ይህን መሣሪያ ለአልበሙ ሽፋንና በትልቁ ለሚታተሙት ፎቶዎች ቢያቆየው ይሻላል።

አሁን ብዙ ወደተባለለት ወደ ምስል ፈጣሪው መሣሪያ እንምጣ። የፎቶሾፕ ጄኔሬቲቭ ፊል በሜይ 2023 ለሙከራ፣ በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ ለሁሉም ደንበኛ ቀረበ። የፎቶውን አንድ ክፍል ከልለው የሚፈልጉትን ሲጽፉለት እዚያው ፈጥሮ ይሞላል። ላይትሩም ደግሞ በሜይ 2024 በዚሁ ዘዴ አላስፈላጊ ነገርን የሚያስወግድ መሣሪያ ጨመረ። ሥራው የሚካሄደው የፎቶሾፕና የላይትሩም ባለቤት በሆነው በአዶቤ ሰርቨሮች ላይ ስለሆነ ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም፤ አጠቃቀሙም በክሬዲት ይቆጠራል። በመጀመሪያ እትሙ የሚፈጥረው ክፍል 1,024 በ1,024 ፒክስል ብቻ ስለነበር በትልቅ ፎቶ ላይ የተሞላው ቦታ ይደበዝዝ ነበር፤ ይህ ከጊዜ ወደ ጊዜ ተሻሽሏል።

ለእኛ አካባቢ ሥራ ያለው ችግር ግን የፒክስል ጉዳይ አይደለም። ከጀርባ ያለን ባዶ ሰማይ፣ ሣር ወይም የድንጋይ ካብ በደንብ ይሞላል። የሐበሻ ቀሚስ ጥበብ፣ የመስቀል ቅርጽ ወይም በባነር ላይ የተጻፈ አማርኛ በተሞላው ክፍል ውስጥ ከገባ ግን ከሩቅ ትክክል የሚመስል፣ ቀርቦ ያየው ሰው ግን የሚስቅበት ነገር ያመጣል፤ ፊደል የሚመስሉ ግን ፊደል ያልሆኑ ምልክቶችን መደርደር ልማዱ ነው። እናት ከራሷ እጅ የወጣውን የጥለት አጣጣል ታውቀዋለች። ስለዚህ ይህ መሣሪያ በልብስና በጽሑፍ ላይ እንዳይነካ፣ በሰማይና በመሬት ላይ ግን እንዲሠራ ቢደረግ ይመከራል።

ከጀርባ የሚታየውን የመብራት ምሰሶና ሽቦ ለማስወገድ ደግሞ ምስል ፈጣሪ አያስፈልግም። ፎቶሾፕ በኦክቶበር 2024 ሽቦና ገመድን ራሱ ፈልጎ የሚያጠፋ፣ ከኋላ የቆሙ መንገደኞችንም የሚለይ ማስተካከያ በሪሙቭ መሣሪያው ላይ ጨምሯል፤ የደብረ ብርሃንን ዋና መንገድ ዳራ አድርጎ ለሚያነሣ ሰው ከጄኔሬቲቭ ፊል ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። አፊኒቲም በብሩሽ የተቀባውን ቦታ ከአካባቢው ተነሥቶ የሚሞላ መሣሪያ ከቀድሞ ጀምሮ አለው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በጊምፕ ከሌላ ቦታ ቀድተው የሚሸፍኑት ሂልና ክሎን በእጅ ይሠራሉ፤ አድካሚ ቢሆንም ለጥቂት ፎቶ ያደርሳል። በስልክ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ የጉግል ፎቶስ ማጂክ ኢሬዘር ከሜይ 2024 ጀምሮ ያለ ክፍያ ለአብዛኞቹ ስልኮች መከፈቱን ይወቁ።

ምስል ፈጣሪን ጨርሶ የማልመክርበት ሥራም አለ። ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያና ለፓስፖርት የሚውል ማስረጃ ስለሆነ ከጀርባው መንጣትና ከልኩ መስተካከል በቀር ምንም ሊፈጠርበት አይገባም። የጥምቀት በዓል፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትና የጓሳ እንስሳት ፎቶም እንዲሁ የዘገባ ፎቶ ነው፤ በውድድርም ሆነ በሰነድነት ሊቀርብ የሚችል ፎቶ የተፈጠረ ነገር ካለበት ዋጋ ያጣል። አዶቤ በእነዚህ መሣሪያዎች በተሠሩ ፎቶዎች ላይ ይህንኑ የሚገልጽ መረጃ ሊያያይዝ ስለሚችል ነገሩ ተደብቆ ላይቀር ይችላል።

ስለ ጓሳ ካነሣን፣ ለዚያ ሥራ የመምረጫው ሚዛን ይለወጣል። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው በዚያ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ በደረቀ ጓሳ ሣር መካከል ሲነሣ፣ የጸጉሩ ቀይና የሣሩ ወርቃማ ቀለም በጣም ይቀራረባሉ፤ ቀይን በጠቅላላ የሚያደምቅ ስላይደር ሣሩንም አብሮ ያቀላዋል። ላይትሩም በኦክቶበር 2023 ያመጣው ፖይንት ከለር አንዲቱን ቀለም በጠብታ መምረጫ ነክቶ፣ የምርጫውን ስፋት አጥብቦ፣ የእሷን ብቻ ቃና፣ ድምቀትና ብርሃን ለመለወጥ ያስችላል። የጭላዳ ደረት ቀይ ቆዳም ከጥቁሩ ፊቱ ጋር አብሮ በልኩ የሚወጣው በዚህ ነው። በዳርክቴብል ይኸው በቀለም ከሚመርጠው ማስክ ጋር በሚገባ ይሠራል፤ እንዲያውም ስፋቱን የመወሰን ነጻነት የበለጠ ነው። በጥምቀት ቀን የሚወጡት ቀይና ሐምራዊ የከፋይ ጃንጥላዎችም በፀሐይ ውስጥ ቀለማቸው ከልክ አልፎ ወደ አንድ ወጥ ቀይ ስለሚጠጋ፣ እነሱን ለማትረፍ ይህን መሣሪያ ማወቅ ይረዳል።

ከአንኮበር ወይም ከጣርማ በር ወደ ቆላው ቁልቁል ሲነሣ የሚታየውን ጭጋግ ለመቀነስ ላይትሩም፣ ፎቶሾፕ፣ አፊኒቲና ዳርክቴብል ሁሉም መሣሪያ አላቸው፤ ልዩነታቸውም ትንሽ ስለሆነ በዚህ ምክንያት ፕሮግራም መምረጥ አያስፈልግም። ጊምፕ ላይ በከርቭ (ብርሃንና ጥላን በመስመር በሚያስተካክለው መሣሪያ) ይሠራል። (በነገራችን ላይ የጣርማ በርን ጉም ጨርሶ አጥፍቶ ጥርት ያለ ገደል የሚያሳይ ፎቶ ቦታውን ለሚያውቅ ሰው ሌላ አገር ይመስለዋል።)

አልበምና መጥሪያ ካርድ ለሚሠራ ሰው ጥያቄው እንደገና ይለወጣል። በየፎቶ ቤቱ የሚሠራባቸው የአልበም ቴምፕሌቶች በአብዛኛው በፎቶሾፕ ፒኤስዲ የተዘጋጁ ናቸው። ፎቶሾፕ እነዚህን እንደ ተሠሩ ይከፍታል። አፊኒቲ ብዙዎቹን በደንብ ይከፍታል፣ ሌየሮቻቸውንም (ተደራራቢ ንጣፎቻቸውንም) ይጠብቃል። ጊምፕ 3.0 ፒኤስዲ የማንበብ አቅሙ ከቀድሞው በእጅጉ ቢሻሻልም ፎቶ የሚተካባቸው ስማርት ኦብጀክቶች እንደነበሩ ሆነው ስለማይቆዩ፣ ሙሉ በሙሉ በቴምፕሌት የሚሠራ ሰው በጊምፕ ይቸገራል። አዲስ ቴምፕሌት ራሱ የሚሠራ ሰው ግን ይህ አያሳስበውም።

የጊምፕ 3.0 ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው። በቀድሞው ጊምፕ ማንኛውም ፊልተር ከተደረገ በኋላ በፎቶው ላይ ይቀልጥ ነበር፤ አሁን ብዥታም ሆነ የቀለም ማስተካከያ ከሌየሩ ጋር ተያይዞ ስለሚቀመጥ ነገ ተከፍቶ ሊለወጥ፣ ሊደበቅ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ደንበኛው «ትንሽ ብሩህ አድርግልኝ» ብሎ ሲመለስ ሥራውን ከመጀመሪያው መጀመር ቀረ ማለት ነው። ብዙ ሌየር በአንድ ጊዜ መምረጥም ተችሏል፤ የፎቶሾፕ ተጠቃሚ ይህ ድሮም መኖር የነበረበት ነገር ነው ይል ይሆናል፣ ልክም ነው። የጽሑፍ መሣሪያውም ፊደሉ ተጽፎ ከቆየ በኋላ ሊታረም እንደሚችል ሆኖ ዙሪያውን በሌላ ቀለም መክበብ ስለሚያስችል፣ በአልበም ሽፋን ላይ የሙሽሮቹን ስም በነጭ ፊደልና በወርቃማ ጠርዝ ለሚጽፍ ሰው ብዙ ድካም ይቀንሳል። የዩኒኮድ ፊደሎች፣ ለምሳሌ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ በሁሉም ፕሮግራሞች ላይ ይሠራሉ፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግእዝ ፊደሎች የተጻፈ አሮጌ ጽሑፍ ግን ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ላቲን ምልክት ስለሚለወጥ እንደገና ቢጻፍ ይሻላል።

ለማተሚያ ቤት በአራቱ የሕትመት ቀለሞች ተዘጋጅቶ የሚላክ ካርድ ወይም ካላንደር ካለ፣ ከመጀመሪያው በእነዚህ ቀለሞች መሥራት የሚቻለው በፎቶሾፕና በአፊኒቲ ነው። ጊምፕ 3.0 ሲላክ ብቻ ወደ እነሱ ይለውጣል፤ ሕትመቱ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማሳየትም ይችላል። ለአብዛኛው የመጥሪያ ካርድ ይህ ይበቃል።

ዋጋ ሳይነሣ ምርጫ የለም። የአዶቤ ፕሮግራሞች በየወሩ ወይም በዓመት በዶላር የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ርካሹ የነበረው 20 ጊጋባይት የፎቶግራፍ ዕቅድ ለአዲስ ደንበኛ ከጃኑዋሪ 2025 ጀምሮ ተዘግቷል፤ የአገራችን የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ደግሞ ያው ዶላር በብር ሲሰላ ከዓመት ዓመት አንድ አይሆንም። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ከዘመድ ጋር መነጋገር ይኖርበታል። ፕሮግራሞቹ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ሆኖም ፈቃዳቸውን ለማረጋገጥ በየጊዜው መገናኘት አለባቸው፤ ለወርኃዊ ከፋይ ይህ ጊዜ 30 ቀን፣ ለዓመታዊ ከፋይ 99 ቀን ነው። ሠርግ በሚበዛበት ወር መካከል ፈቃዱ እንዳይቆም ከወቅቱ በፊት ኢንተርኔት ባለበት መክፈት በቂ ነው። አፊኒቲ በነጻ ለመጫን የካንቫ ነጻ አካውንት ይፈልጋል፤ ከተጫነና ከተከፈተ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት መሣሪያዎቹ ግን ለካንቫ ከፋዮች ብቻ የተተዉ ናቸው። ጊምፕና ዳርክቴብል ምንም አይጠይቁም፣ አካውንትም አይከፈትባቸውም።

በፍላሽ እየዞረ የሚገኘው የተሰበረ ፎቶሾፕ በዚህ ንጽጽር ውስጥ ያልገባው ከሕጉ በተጨማሪ በሥራ ምክንያት ነው። ከላይ የተባሉት ምስል ፈጣሪ መሣሪያዎች በእሱ አይሠሩም፤ ማሻሻያ ሲጫንበት ይቆማል፤ አብሮት የሚመጣውም ቫይረስ የደንበኛን ፎቶ ከነሃርድ ዲስኩ ሊወስድ ይችላል። አፊኒቲ ነጻ ከሆነ ወዲህ በዚህ መንገድ ለመሄድ የነበረው ምክንያት በአብዛኛው ወድቋል ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ለማን የትኛው? ሠርግ ዋና ሥራው ለሆነ፣ ጥሩ ኮምፒውተርና የክፍያ መንገድ ላለው ሰው ላይትሩም ክላሲክ ይበጃል፤ ማስኩና ዲኖይዙ ጊዜውን ይመልሱለታል። ጉርድ ፎቶ፣ አልበምና ካርድ ለሚበዛበት ፎቶ ቤት አፊኒቲን እመርጣለሁ፤ ሮው ለሚበዛበት ቀን ዳርክቴብልን አጠገቡ ቢያደርገው ያለ ምንም ክፍያ ሙሉ ሥራ ይሠራል። ዕድሜው በገፋ ላፕቶፕ የሚሠራ ወይም ገና የሚማር ሰው ከጊምፕ 3 ይጀምር፤ የሚፈልገው ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ የሚያልፍ ስለሆነ ዊንዶውስ 7 ላይ የቆየ ኮምፒውተር ግን መጀመሪያ ራሱ መታደስ አለበት። ጓሳ ለሚወጣ የእንስሳት ፎቶ አንሺ ላይትሩም ወይም ዳርክቴብል፣ ሁለቱም ያደርሳሉ፤ ልዩነቱ በትዕግሥቱና በኪሱ ነው። በስልክ ብቻ ለሚሠራ ሰው ስናፕሲድ ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ዲኤንጂ የሆነ ሮውንም ይከፍታል። ፎቶሾፕ ደግሞ በፒኤስዲ ቴምፕሌት ለሚኖር ሰው ብቻ ያስፈልጋል፤ ላይትሩም ክላሲክን በፎቶግራፍ ዕቅድ የሚከፍል ሰው አብሮ ስለሚያገኘው ለብቻው መግዛት አያስፈልገውም።

አዲሱን እትም የሚጭን ሰው የመጫኛውን ቀን ከሠርግ ወቅት ያርቀው፤ ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት ሳይሆን በጾም ወራት ውስጥ ሥራ ሲቀንስ ይጫነው። የፎቶዎቹና የማስተካከያዎቹ መዝገብ የሆኑት የላይትሩም ካታሎግና የዳርክቴብል ዳታቤዝ በአዲሱ እትም አንድ ጊዜ ከተለወጡ በኋላ በአሮጌው አይከፈቱም፤ በጊምፕ 3 የተቀመጠ ፋይልም በ2.10 ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ካታሎጉን ወይም ዳታቤዙን በሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ዳርክቴብል ከየፎቶው አጠገብ የሚያስቀምጣቸውን፣ ማስተካከያው የተጻፈባቸውን ኤክስኤምፒ ፋይሎችም ከፎቶዎቹ ጋር አብሮ መውሰድ፣ ያልተረከቡ ሥራዎችን ደግሞ በአሮጌው እትም ጨርሶ ማስረከብ ያስፈልጋል።